ተቀበል! ደሴ ላይ የሞከርነው የኢምፕሮቫይዜሽን ክፍል

የመጀመሪያው ቅዳሜ የከሸፈው በጭብጨባ ነው።

አሥራ ሁለት ወጣቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ቦታው ደሴ፣ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ የኪራይ አዳራሽ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ የሌላውን ዓይን ያይና ያጨበጭብለታል፤ የተጨበጨበለት ተቀብሎ ለሌላ ይልካል። አዲስ አበባ ቲያትር ስማር መቶ ጊዜ ተጫውቼዋለሁ። ሰውነት ያሟሙቃል፣ ሳቅ ያመጣል የሚባልለት ጨዋታ ነው።

ጭብጨባው አራተኛዋ ልጅ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ልጅቷ አይነ ስውር ናት። የተጨበጨበው ለእሷ ይሁን ለጎረቤቷ በምን ትወቅ? ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። "አንቺ ጋ ነው" አልኳት። ደንግጣ አጨበጨበች። ለማን እንዳጨበጨበች ደግሞ እኛ አላወቅንም። አጠገቧ የቆመው ልጅ መስማት የተሳነው ነው። ጭብጨባውን ያያል፤ እኔ ከጀርባው ሆኜ "ፍጠኑ! ፍጠኑ!" እያልኩ የምጮኸውን ግን አይሰማም። ታናሽ እህቱ በምልክት ልትነግረው ስትሞክር ተራው አለፈ።

ማስታወቂያው ላይ "አካታች ሥልጠና" ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሰው ከክቡ አስወጣሁ።

ስለዚያ ክፍል ነው የምጽፈው። ምን እንደሞከርን፣ ምኑ እንደተበላሸ፣ ምኑ እንደተቃና። ኢምፕሮቫይዜሽን የሚለው ቃል ለከበደው ሰው፦ ያለ ተጻፈ ድርሰት፣ እዚያው ፈጥሮ መጫወት ማለት ነው። የቲያትር ሰዎች አሳጥረን ኢምፕሮ እንለዋለን።

ልጆቹና ወላጆቹ

ሐሳቡ ሲጀመር የኔ አልነበረም። ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ወዳጄ "የሕይወት ክህሎት ሥልጠና" የሚባል ነገር ነበረው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ስላይድ ማየት ልጆቹን አሰልችቷቸዋል። "አንተ በጨዋታ አድርግልኝ፣ መጨረሻ ላይ ትርኢት ይኑረው" አለኝ። ተስማማሁ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልወደውም። የሕይወት ክህሎት ሲባል ሕይወት የምትባል መሥሪያ ቤት ፈተና አውጥታ የምትቀጥር ይመስላል።

የመጡት ልጆች ድብልቅ ናቸው። አይነ ስውሯ ልጅ ከሐይቅ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ አክስቷ ቤት ሆና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። መስማት የተሳነው ልጅ ሰኞ ገበያ ጥግ ላይ ጫማ ይሰፋል። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ እንደሱ ምላሱ የሚፈጥን ሰው ደሴ ውስጥ አላየሁም። አንዱ ዋድላ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ቆይቶ አቋርጦ የመጣ ነው፤ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። አንዱ አባቱ መንዙማ የሚያወጡ፣ ሐድራ ውስጥ ድቤ ሲመታ እየሰማ ያደገ ነው። ስትናገር ምላሷን የሚይዛት ልጅም ነበረች። የቀሩት ተማሪና ሥራ ፈላጊ ናቸው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ የአንዷ አባት መጡ። በር ላይ ቆመው አዩን። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ ፍየል ሆኜ ነበር። ከዚያ የባሰ ሰዓት ሊመርጡ አይችሉም ነበር።

"መምህር፣ ልጄን አዝማሪ ልታደርጋት ነው?"

"ኧረ አይደለም አባባ፣ ትምህርት ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያፈርኩት በዚህች መልስ ነው። ምን ነካኝ? በዚህ አገር ያለ ጽሑፍ፣ በሰው ፊት፣ በሰከንድ ውስጥ ፈጥሮ የመናገርን ጥበብ ጠብቆ ያቆየልን ማነው ታዲያ? አዝማሪው ነው። ሙሾ አውራጇ ናት። በቡሄ ሆያ ሆዬ ብሎ የባለቤቱን ስም ግጥም ውስጥ የሚያስገባው ልጅ ነው። ላስታ ላይ በነሐሴ 16 አሸንድዬ ብለው፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል ብለው የሚወጡት ልጃገረዶች ናቸው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው። እኔ ግን በዚህ ሁሉ መሐል ቁጭ ብዬ ፍየል የመሆንን ጨዋታ ከቪዲዮ ቀድቼ አመጣሁ፤ አዝማሪ ሲሉኝም ካድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባትየው ሲመጡ ወንበር አቀረብኩላቸው። "አባባ፣ ባለፈው የመለስኩልዎ ልክ አልነበረም" አልኩ። አዩኝና "ታዲያ አዝማሪ ልታደርጋት ነው?" አሉ። ሳቅን። ልጅቷን አላስወጧትም።

እሺ ምን ማለት ነው?

በኢምፕሮ ትምህርት ዓለም ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሕግ አለች። ጓደኛህ ያቀረበውን ተቀበል፣ ከዚያ ጨምርበት። "አንተ እኮ ዶክተር ነህ" ካለህ ዶክተር ነህ። "አይ፣ ዶክተር አይደለሁም" ካልክ ጨዋታው ሞተ። እኔ ሕጓን "እሺ፣ ደግሞ" ብዬ ተረጎምኳት። ዓረፍተ ነገራችሁን ሁሉ በ"እሺ፣ ደግሞ" ጀምሩ አልኩ።

አንዷ ልጅና ባለ ባጃጁ ባልና ሚስት ሆነው ቆሙ።

"ልጃችን ሰውነቱ እሳት ሆኗል። ሐኪም ቤት እንውሰደው" አለች።

"እሺ፣ ደግሞ ሳሙና አልቋል መሰለኝ" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ኧረ ልጁ ይንቀጠቀጣል!"

"እሺ፣ ደግሞ የአርሴናል ጨዋታ ስንት ሰዓት ነው?"

ሕጉን አልጣሰም። በየዓረፍተ ነገሩ እሺ ብሏል። የታመመው ልጅ ግን መሬት ላይ ወድቆ ቀረ። ልጅቷም ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ያኔ ነው የገባኝ። ወሎ ውስጥ አንድ ሰው እሺ ስላለህ ተስማማ ብለህ አትሂድ። እሺ ለታላቅ የሚሰጥ አክብሮት ነው። ዕዳ ለጠየቀ የሚሰጥ ቀጠሮ ነው። ሠርግ ለጠራ የሚሰጥ ጨዋ እምቢታ ነው። "እሺ፣ ካልሆነ ነገ" የሚለውን ሰው ነገ አታገኘውም። የወሎ ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ እሺ የተሠራችው ለዚያ ነው። ቃሏ የተጫነችውን ጭነት እኔ አራግፌ አዲስ ልጭንባት ነበር።

ቅኔ ቤት የነበረው ልጅ ነው መንገዱን የጠቆመኝ፤ ሳያስበው። ለእረፍት ተቀምጠን ስለ አዝማሪ ቤት ሲወራ "እዚያማ 'ተቀበል!' ይሉታል" አለ።

እውነቱን ነው። አዝማሪ ቤት ግጥም ያለው እንግዳ እጁን አንሥቶ "ተቀበል!" ይላል። ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ የተሰጠውን መልሶ ያወርደዋል። ግጥሙ ቀሽም ቢሆንም ይቀበላል። ራሱን የሚሰድብ ቢሆንም ይቀበላል። የራሱን የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። በመንዙማውም፣ በዘፈኑም፣ አንድ የሚያወጣ አለ፣ ተቀባይ አለ። ቋንቋችን እንኳ ከአንድ ሥር ሁለቱንም ሰጥቶናል፤ መቀበልና ማቀበል። የያዘ ሰው ያቀብላል፣ ባዶ እጁን ያለ ይቀበላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን ተለወጠ። የተሰጠህን መልሰህ ሳታሳይ የራስህን አትጨምር። ባለ ባጃጁ እንደገና ቆመ። "ልጃችን ሰውነቱ እሳት ሆኗል።" አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። "ሰውነቱ… እሳት ሆኗል?" አለና ጎንበስ ብሎ የሌለውን ሕፃን ግንባር በእጁ ጀርባ ነካ። ክፍሉ ዝም አለ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ሳይናገር ሦስት ሰከንድ ቆየ።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ነገር ከውጭ ያስተማሩትም ሰዎች ቢሆኑ የጀመሩት ከብልጣብልጥነት አይደለም። አሜሪካዊቷ ቫዮላ ስፖሊን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ የቲያትር ጨዋታዎቿን ያዳበረችው ከስደተኛ ቤተሰብ ከመጡ፣ ቋንቋቸው ከተለያየ ልጆች ጋር ስትሠራ ነው። ጨዋታ የመረጠችው በንግግር ማስረዳት ስላላዋጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ካናዳ ካልጋሪ ላይ ኢምፕሮን እንደ ስፖርት ውድድር ያስጀመረው ኪት ጆንስተን ደግሞ ተዋንያኑን ጎበዝ ለመምሰል አትጣሩ፣ ግልጽ የሆነውን ነገር አድርጉ እያለ ይመክር ነበር። ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ማንበብና ክፍል ውስጥ "ፍጠኑ!" ብሎ አለመጮህ ግን ለየብቻ ናቸው።

የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ገደል ሲሆን

ስለ አካታችነት የሚጻፉ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ አንድ ጉዳት ያለበትን ሰው ብቻ ያስባሉ። የኛ ችግር ሁለቱ አንድ ክብ ውስጥ መሆናቸው ነው።

ለአይነ ስውሯ ልጅ ይመቻል ብዬ ዓይን ተጨፍኖ የሚሠራ የድምፅ ጨዋታ አመጣሁ። እሷ ነገሠች። ጫማ ሰፊው ግን ዓይኑን ከጨፈነ ምንም የለውም፤ ቆሞ ቀረ። በሚቀጥለው ሳምንት ለእሱ ብዬ ያለ ድምፅ የሚሠራ ጨዋታ አመጣሁ። እሱ ነገሠ። እሷ ተቀምጣ የሰው ሳቅ ሰማች። ምን እንደሚያስቃቸው ሳታውቅ አብራ ፈገግ ለማለት ስትሞክር አየኋት። ያንን ፈገግታ አልረሳውም።

የደረስንበት መላ ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ነገር በሁለት መንገድ ይቀበላል፤ በድምፅም በአካልም። በር ስትከፍት "ሲጢጥ" ትላለህ፣ እጅህም ይከፍታል። ስም ሳትናገር አትጀምርም፤ አይነ ስውሯ ማን እንደገባ እንድታውቅ። ፊትህን ሳታዞር አትናገርም፤ ጫማ ሰፊው ከንፈርህን እንዲያይ። መድረካችንን ወለል ላይ በወፍራም ገመድ ከበብነው፤ በእግር ይዳሰሳል፣ በዓይንም ይታያል።

ሁሉ ነገር ዘገየ። ባለ ባጃጁ "ይሄ እኮ ባጃጅ ሳይሆን ጋሪ ነው" ብሎ አማረረ። አልዋሸም። ግን ሰው ሲዘገይ የጓደኛውን ነገር ማየት ይጀምራል። በፍጥነት ጊዜ ሁሉም የራሱን ተራ ነበር የሚጠብቀው።

ሌላው ጉዳይ መነካካት ነው። የቲያትር ትምህርት ቤት ልምምድ ግማሹ መያያዝ፣ መደገፍ፣ መውደቅና መቀበል ነው። እዚህ ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዞ መውደቅ የማይታሰብባቸው ቤቶች አሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጋ። ክርክር ውስጥ አልገባሁም። ጋቢ አመጣን። አንዱ አንድ ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ጫፍ ይይዛል። መሳብ፣ ማላላት፣ መከተል ሁሉ በጋቢው ይተላለፋል። እውነቱን ለመናገር ከእጅ ይሻላል። እጅ ይዋሻል፤ የተወጠረ ጋቢ አይዋሽም።

ምላሷን የሚይዛት ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ቀረች። ይህ የኔ ጥፋት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አንዱ በየተራ አንድ ቃል ቶሎ መናገር ነበር፤ የዘገየ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ወጣች። ሦስት ጊዜም ስቃ ወጣች። ሳቋን አምኜ አለፍኩ። ጨዋታውን የሰረዝኩት ከሄደች በኋላ ነው። በጓደኛዋ በኩል ብልክባትም አልተመለሰችም።

አንዲት ሲኒ

አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቅዳሜ ነው። ጨዋታው የሌለ ዕቃ ማቀባበል ነው። አንዱ ከአየር ላይ ዕቃ ይፈጥራል፤ ስሙን ይጠራል፤ ያቀብላል። የተቀበለው ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ቅርጹን ጠብቆ ለሚቀጥለው ይሰጣል።

አይነ ስውሯ ልጅ ጀመረች። "ቡና ነው። አቦል። ሲኒው ጢም ብሏል።" ሁለት ጣቷን አጠጋግታ፣ ሌላ እጇን ከሥር ደግፋ ዘረጋች። ዓይኗ የማያየውን ሲኒ እጇ ልክ አድርጎ ያውቀዋል፤ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ ክርኗን ከጎኗ አልለየችም።

ጫማ ሰፊው ተቀበለ። ጣቱን አቃጠለው። ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረው፤ "እፍ፣ እፍ" አለበት። ድምፁ የወጣው እሷ እንድትሰማ ነው፤ ሕጉ ነዋ። ሰማችና "ቀስ በል፣ ይፋጃል" አለች። እህቱ ተረጎመችለት። ራሱን ነቀነቀ። ሲኒውን በጥንቃቄ ለባለ ባጃጁ አቀበለ።

ባለ ባጃጁ በአንድ ጉንጭ ጨለጠው። "አህህ! ስኳር የለውም እንዴ?" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያስቃል። ግን ቀጥሎ የቆመችው ልጅ እጇን ዘርግታ ነበር። የሚቀበሉት ነገር የለም። ሲኒው ባዶ ነው። ጨዋታው በሳቅ ሞተ፤ እጇም በአየር ላይ ቀረ።

"እንደገና" ልል አፌን ስከፍት ጫማ ሰፊው ከቦታው ወጣ። ባለ ባጃጁ ጋ ሄዶ ባዶውን ሲኒ ከእጁ ተቀበለ። ወደ ውስጥ አየ። ገልብጦ አተላውን ደፋ። መሐል ሄዶ ቁጢጥ አለ፤ ጀበና አነሣ፤ "ትርርር" እያለ ቀዳ። ተነሣና ሁለት ጣቱን ለክቡ አሳየ። ከዚያ ሲኒውን እጇ አየር ላይ ለቀረው ልጅ አቀበላት።

እህቱ ለአይነ ስውሯ ስትነግራት ገና "ሁለት ጣቱን—" እንዳለች ጨረሰችላት። "ቶና ነዋ!"

ይህን ለማስተማር ስድስት ሳምንት ነበር ስደክም የቆየሁት። የጓደኛውን ስህተት አልገሠጸም፣ አልካደም። ቡናው ተጠጥቷል፤ እንግዲያው ሁለተኛው ይቀዳል። ባለ ባጃጁ ራሱ አፉን ይዞ ቆየና "ወይኔ፣ በላኝ" አለ።

ጉም

ቅኔ ቤት የነበረው ልጅ ድንገት ፈጠራ በሚባለው ነገር አያምንም። "ቅኔ ከሰማይ አይወርድም" ይላል። "ቀን ጫካ ገብተህ ትቆጥራለህ። ማታ ለየኔታ ትነግራለህ፤ ያርሙሃል። የተባለ ቅኔ ደግሞ አይደገምም፣ በየቀኑ አዲስ ነው።" ልክ ነው። ሐሚናዎቹም፣ ላሊበላ የምንላቸው፣ በማለዳ ደጅ ቆመው የባለቤቱን ስም ከነዘሩ እያነሡ ሲያወድሱ ድንገት ይመስላል። ግን ቀድመው ጎረቤት ጠይቀዋል። ዝግጅት የሌለው ኢምፕሮ ወሬ ነው የሚሆነው።

በእሱ ሐሳብ ጉባኤ ቃና ከሚባለው የቅኔ ዓይነት ልኩን ተዋስን፤ ሁለት ቤት ብቻ። ግእዙን ሳይሆን መጠኑን። አንዱ ስንኝ ይሰጣል፣ ሌላው ተቀብሎ ይገጥማል። ቀኑ የደሴ ጉም የወረደበት ቅዳሜ ነበር፤ ከመስኮቱ ወዲያ ጦሳ የሚባል ተራራ መኖሩም ተረስቷል። ባለ ባጃጁ "ተቀበይ! ጦሳ ጉም ለበሰ፣ መንገዱም ጠፋብን" አለ፤ ወደ አይነ ስውሯ ዞሮ።

ትንሽ ቆየች። ከንፈሯ ይቆጥራል።

"ጦሳ ጉም ቢለብስ ለናንተ ነው ጭንቁ፣
እኔስ በድምፃችሁ አውቃለሁ ከሩቁ።"

ቤቱ ተናጋ። እኔ ግን ጫማ ሰፊውን ነበር የማየው። እህቱ ተረጎመችለት፤ አልሳቀም። አሰበና በእጁ ተናገረ። "ለእሷ ምንም አይደለም። ለኔ ግን ጉም ውስጥ እጃችሁ ይጠፋብኛል።"

የመብራት ነገር ያኔ ተነሣ። መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ በድምፅ እንቀጥል ነበር፤ "ኢምፕሮ አይደል" እያልን። አይነ ስውሯም ጨለማውን ከምንም አትቆጥረውም ነበር። እሱ ግን ጨለማ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይቆይ ነበር። ስንት ቅዳሜ! ማንም አላየውም። ከዚያ በኋላ አንድ ቻርጀር ባትሪ ገዛን፤ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚበራው የተርጓሚዋ እጅ ላይ ሆነ።

በር ላይ ቡና የሚያፈሉት እናት

አዳራሹ በር ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። ሥራቸውን እየሠሩ በበሩ ያዩናል። አንድ ቀን ሒሳብ ልከፍል ስቆም "ልጄ፣ ይኼን ለማስተማር ነው አዲስ አበባ ድረስ የተማርከው?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"እኛ ስንመርቅ የምናደርገው አይደል እንዴ?"

ገንዘቡን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወሎ ውስጥ ያለ ምርቃት ቡና የለም። ወዳጃውም፣ ዱበርቲውም፣ የሠርግ ቤቱም በምርቃት ነው የሚከፈተው። መራቂው የተጻፈ ነገር አያነብም። ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያያል፤ የጎደለውን ያውቃል፤ ይፈጥራል። ሌላው እያንዳንዷን ሐረግ በአሜን ይቀበላል። ምርቃት ላይ ሙድ የሚይዝ የለም። ሐረጉ ቢሰበር እንኳ አሜን ይሞላዋል። አሜን ደግሞ በድምፅም በእጅም ነው፤ ሰው ሁሉ መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል። የሁለት መንገድ ሕግ ብለን ስንት ሳምንት የለፋንበት ነገር እዚያ ቡና ረከቦት ዙሪያ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። ጫማ ሰፊው ከሕፃንነቱ ያውቀዋል።

እማማን ለምነን አስገባናቸው። ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ዙሪያውን አዩ።

"የወጣ በሰላም ይግባ።" አሜን።

"የናንተን ሥራ ያየ ዓይን አይቅና።" አሜን።

"የአዳራሹ ባለቤት ኪራይ አይጨምርባችሁ።" አሜን! ሳቅ።

"መብራት አይጥፋባችሁ፤ ቢጠፋም እጃችሁ አይጥፋበት።" ይህን ሲሉ ወደ ጫማ ሰፊው አዩ። የጉሙን ቀን በበሩ ሰምተው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቅዳሜ በምርቃት ጀመረ። መራቂው በየሳምንቱ ይለወጣል። ጭብጨባውን ጣልነው።

መስኮቱ

ትርኢቱን ያቀረብነው በብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተስፋፋ ዘዴ ነው። አጭር ትዕይንት ይታያል፤ መጨረሻው መጥፎ ነው። ከዚያ ይደገማል፤ ተመልካች "ቁም!" ብሎ ተነሥቶ የአንዱን ቦታ ይይዝና ሌላ መንገድ ይሞክራል።

ታሪኩን ያመጣችው አይነ ስውሯ ናት። ገንዘብ ለመቀበል መስኮት ላይ ትቆማለች። ሠራተኛው "ምስክር ይዘሽ ነይ" ይላታል። እሷ ወረቀቱ እንዲነበብላት ብቻ ነው የምትጠይቀው። የነገሩ ሥር ሩቅ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 አይነ ስውር ውል ላይ የፈረመው በሹም ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ለመጠበቅ ተብሎ የተጻፈ ነው። መስኮት ላይ ሲደርስ ግን ወደ "ሰው ይዘሽ ነይ" ይለወጣል።

መጀመሪያ የተነሡት አንድ ሽማግሌ የሠራተኛውን አለቃ ሆነው ገቡና ጮኹ። ሠራተኛውን የሚጫወተው ባለ ባጃጁ "እሺ ጌታዬ" አለ፤ ምንም አላደረገም። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ያቺን እሺ ሁሉም ያውቃታል። ቀጥላ አንዲት እናት ምስክር ልትሆን ገባች። "እኔ እመሰክርላታለሁ፣ ልጄ ናት!" ልጅቷ ቀስ ብላ "እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኔ ምስክር አልፈለግሁም" አለች። እናትየዋ ግራ ገባት። ቆማ አሰበች። "እና ምን ልሁንልሽ?" "አንባቢ።" እናትየዋ ማንበብ አትችልም ነበር። ይህን ተናገረች፤ መድረክ ላይ፣ በሰው ፊት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ለሁለታችንም አንብብልን" አሉት።

ይህ በየትኛውም ልምምዳችን አልነበረም። ባለ ባጃጁ ወረቀቱን አነሣ። "ለሁለታችሁም ላንብብ" አለ፤ የተሰጠውን መልሶ። ከዚያም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የሌለ ወረቀት አነበበ።

ምን እንደቀረ

መሥሪያ ቤቱ አልተለወጠም። ሄደን የነገርነውም ሰው የለም። ትርኢት አንድ ከሰዓት ነው።

ባለ ባጃጁ ተሳፋሪ ሲጭን አሁን መድረሻውን መልሶ ከጠራ በኋላ ነው ሒሳብ የሚናገረው፤ ጭቅጭቅ ቀነሰልኝ ይላል። እሱ ያለውን ነው የምነግራችሁ፤ ትንሽ ማጋነን ይወዳል። አይነ ስውሯ ለክፍሏ ልጆች ሁለት ቤት ታስገጥማለች። ወዳጄ ሪፖርቱ ላይ "በራስ መተማመናቸው ጨምሯል" ብሎ ሊጽፍ ፈለገ። እኔ "ቡና ሁለተኛ ቀድተዋል" ብለህ ጻፍ አልኩት። አልጻፈም።

በመጨረሻው ቅዳሜ የመመረቅ ተራው የጫማ ሰፊው ነበር። እማማም ገብተው ተቀምጠዋል። መሐል ቆመ። እጁ መናገር ጀመረ። ፈጣን ነው፤ እህቱ አልደረሰችበትም። ግን ዓይኑ ፊታችንን ሲጠይቅ መዳፋችንን ዘረጋን። አሜን። ቀጠለ። አሜን። አይነ ስውሯ እጁ አየር ሲቆርጥ ትሰማለች መሰለኝ፤ ቀድማን ትላለች። አሜን።

ድንገት እጁን አራገበ። "ቆይ፣ ቆይ" ዓይነት። ፊቱ ተጨነቀ። ሁለት ጣቱን አጠጋግቶ ትንሽ ነገር አሳየ። እሱንም ተቀበልን። አሜን።

"ምንድን ነው ያለው?" አለ ባለ ባጃጁ።

እህቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ጫማችሁ አይቀደድ ነው ያለው። ሁላችሁም አሜን አላችሁ። ከዚያ ትዝ አለው።"

"ምን?"

"ትንሽ፣ ትንሽ ይቀደድ።"